በሁለት ሚስማር መካከል

የስፌት ቤቱ የመቁረጫ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ሁለት የነሐስ ሚስማሮች አሉ። ከእንጨቱ ጋር እኩል እስኪሆኑ ተመትተው የተቀበሩ ናቸው፤ ስንትና ስንት ዘመን ጨርቅ ሲንሸራተትባቸው ኖሮ አናታቸው እንደ ወርቅ ጥርስ ያብለጨልጫል። ለማያውቅ ሰው ጠረጴዛው እንዳይላቀቅ የተመቱ ነው የሚመስሉት። የቤቱ ባለቤት ግን ከነዚያ ሁለት ሚስማሮች በቀር ሌላ የሙያ ምስክር የላትም።

ስሟን የሚያውቅ ብዙ ሰው የለም። ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ስንዝር ነው የሚላት። ሜትር ከአንገቷ አይጠፋም፤ እሱ ግን ለወጉ ያህል ነው፣ እንደ ሐብል። ሰው የምትለካው በቀኝ እጇ ነው። አውራ ጣቷን ትከሻው ላይ ታሳርፍና ትንሿን ጣቷን ትዘረጋለች፣ ደግማ ታሳርፋለች፣ ደግማ ትዘረጋለች፣ የተረፈውን በጣት ትጨርሳለች፤ በቃ። አትጽፈውም። አንድ ጊዜ የለካችው ሰው ከዚያ ወዲያ ጨርቁን ብቻ ይዞ ይመጣል። እሷም ቀና ብላ ታየውና፣ ወገቡ ላይ አንድ ጣት መጨመሩን፣ ሚስቱ ደህና እያበላችው መሆኑን ነግራ አሥቃው ጨርቁን ትዘረጋለች። ልብሱ አልቆ ሲረከብም የመጨረሻዋን ቁልፍ ራሷ ትቆልፍለታለች፤ ከዚያ ትከሻውን መታ አድርጋ «ሂድ» ትለዋለች። እሷ «ሂድ» ሳትል የተወሰደ ልብስ አልቋል ተብሎ አይቆጠርም ነበር።

ይህን ያስተማሯት አንድ ቁጡ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ተማሪ ሜትር ሲያነሣ ካዩ እንደ ሰረቀ ሰው ነበር የሚያፈጡበት። ሜትር ይጠፋል፣ ይበጠሳል፣ እጅሽን ግን የት ጥለሽው ትሄጃለሽ ይሏት ነበር። የተማሪው እጅ ማደጉን ያቆመ ሲመስላቸው መዳፉን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ እንዲዘረጋ ያደርጉና በአውራ ጣቱና በትንሿ ጣቱ ጫፍ ላይ አንዳንድ ሚስማር ይመታሉ። ምረቃው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ መቀስ ከመነሣቱ በፊት፣ እጅን ሚስማሮቹ ላይ ዘርግቶ ማመሳከር ግዴታ ነበር። እጅ ያጥራል ብለው አይደለም፤ ሰው ሲደክመው አዘረጋጉ ይሰንፋል ብለው ነው። ሽማግሌው ሲሞቱ ጠረጴዛው ለእሷ ደረሳት። የሰኞውን ነገር ጥቂት ዓመት ጠበቀችው፣ ከዚያ ተወችው። የገዛ ቤቱን ቁጥር እያነበበ የሚገባ ማን አለ?

ስፌት ቤቱን የያዘችው ከታናሽ እህቷ ጋር ነው። እናታቸው ስትሞት ታናሽየዋ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረችና ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ያኔ ያወጣችላት የቁልምጫ ስም፣ ሚጢ የሚለው፣ ሴትየዋ ልጅ ወልዳ ድራ እንኳ አልለቀቃትም። እትዬ ትቆርጣለች፣ ሚጢ መኪናው ላይ ትሰፋለች። ታላቅ ከመቁረጫው፣ ታናሽ ከመኪናው፤ ይህ ሥርዓት ተዛንፎ አያውቅም።

ሕመሙ የመጣው በጠዋት ነው። አንድ ቀን ስትነቃ እጆቿ አልዘረጋ አሏት፤ ሁለቱም። የጣቶቿ ሥር አባብጦ፣ እጇ ሰው የነፋበት ጓንት መስሏል። ተኝቼባቸው ይሆናል ብላ አራገፈቻቸው። ከጓሮዋ ክፍል ወጥታ ቧንቧውን ልትከፍት ብትል ጣቶቿ አልታዘዙም፤ መክፈቻውን በሁለት መዳፏ መሃል ይዛ፣ ከትከሻዋ ጀምሮ ገላዋን አዙራ ከፈተችው። ረፋድ ላይ እጇ ዝገት እንደያዘው ማጠፊያ ቀስ እያለ ተፍታታ። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛውም።

መቼም እጄን አመመኝ ያለ ሰው ፊት ሰው ሁሉ ሐኪም ነው። ጎረቤቷ ባለሱቅ ብርድ ነው አላት። ማስረጃም አላጣም፤ ከካውያ ፊት ተነሥታ በቀዝቃዛ ውሃ የምትታጠብ ሴት ብርድ ካልመታት ማንን ሊመታ ነው? አንዷ ደንበኛዋ ሪህ ነው፣ ሥጋ ተዪ አለቻት፤ ሥጋ የት አግኝቼ ብላ ሳቀች። ሌላዋ ደግሞ እርጅና ነው አለች። የዚችኛዋን ቀሚስ አንድ ሳምንት አዘገየችው።

እሷ ብርድ የሚለውን መረጠች። ብርድ አያሳፍርም፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ጣት የሌለው የሹራብ ጓንት አጠለቀች። ጠዋት ጠዋት እጇን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፋለች፤ ይህ እንኳ ደግ አደረገላት። ከዚያ ማዕዘኑ ላይ ያለው ባለመድኃኒት ቤት፣ አንዲት መርፌ ናት፣ ነገ ትጨፍሪያለሽ አላት። ያለው ደረሰ። በማግስቱ እጇ እንደ ድሮው ተከፈተ። የዚያን ቀን ሳታርፍ ስትቆርጥ ዋለች፤ እየቆረጠችም ታንጎራጉር ነበር። ሚጢ ከመኪናዋ ቀና ብላ አየቻትና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲያ ኑሮዋ በመርፌ ሆነ። ሲብስባት ትወጋለች፣ ሲለቃት ትቆርጣለች። ያላመማት ቀን ሁሉ የዳነችበት ቀን ይመስላታል። እንዲህ ሲባል ዓመት በዓመት ላይ ተጨመረ።

በመሃል ግን እጇ ብዙ ነገር ነግሯት ነበር፤ አልሰማችውም እንጂ። የጋብቻ ቀለበቷ የጣቷን አንጓ አላልፍ ብሎ በመጋዝ ተቆረጠ፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ታዲያ ምን ይሠራልኛል አለች። ለራሷ የምትሰፋውን ቀሚስ መጀመሪያ ከቁልፍ ወደ ዚፕ ለወጠችው፣ ቀጥሎ ዚፑንም ትታ በአንገት የሚጠለቅ አደረገችው። ደንበኞቿ አዲስ ፋሽን ነው ብለው አሰፉት። ብርጭቆ በሁለት እጅ መያዝ ጀመረች። የትንሿ ጣቷ ጫፍ ወደ ውጭ ዘመም ብሎ ቀረ፣ ቀስ በቀስ ሌሎቹም ተከተሉት። ድካሙ ደግሞ ሌላ ነው። የሥራ ድካም አይደለም፤ እግርና እጇ ውስጥ እርጥብ አሸዋ የተሞላባት ያህል ነው። ስለዚህ ከምሳ በፊት ጨርቁ ላይ በጠመኔ አስምራ ትጨርስና ከመጋረጃው ጀርባ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ጋደም ትላለች። አረፍ ብላ ትነሣና በመስመሩ ላይ ትቆርጣለች። መቀሱ ከባድ ስለሆነ ይህ ዕረፍት ግድ ነበር።

እንዲህ እያለች ሳለ የሚጢ ልጅ መውለጃዋ ደረሰና ሚጢ ልታርሳት ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። ስትሄድ በሩ ላይ ቆማ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተችና መለሰችው። «እኔ እስክመጣ ትልልቅ ሥራ አትቀበዪ፣ እትዬ» ብቻ አለች። እትዬ ስንዝርም፣ አንቺን ሳልወልድ ያሳደግሁ ሴት ኮት ሊያቅተኝ ነው ብላ አሣቀቻት። ለመኪናው የምትሆን አንዲት ሴት ለጊዜው ተቀጠረች፤ ዝምተኛ፣ እጀ ንጹሕ፣ ሥራዋን የምታውቅ።

ጋሽ ፍሬን የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደፊት ስለሚሰግድለት ነው ስሙ የወጣለት። ሸሚዙንም፣ ሱሪውንም፣ ለሚስቱ ቀብር የለበሰውንም ልብስ የቆረጠችለት እሷ ናት። በጋዜጣ የተጠቀለለ ጥቁር ግራጫ ሱፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረላት።

«የሷ ነው» አለ። «ጡረታ ስትወጣ ኮት ታሰፋበታለህ ብላ የገዛችው። እኔ ልወጣ ስል እሷ ቀድማኝ ወጣች።»

ጨርቁን ዘረጋችው። እንዲህ ያለ ሱፍ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። በእጇ ጀርባ ዳበሰችው፤ የጣቶቿ ሆድ እንደ ድሮው አይሰማም። ለአንድ ኮት ልክ ነው፣ ከዚያ አያልፍም። ልለካህ ወይ ብትለው ቅር አለው፤ የእኔን ልኬት ረሳሽው እንዴ አላት። አልረሳችውም። እጅጌው ሦስት ስንዝር ከሁለት ጣት፤ ትከሻው፣ ደረቱ፣ ቁመቱ፣ ሁሉንም እንደ ልጅ የስም ጥሪ ጠራችለት። ከሠራተኛው ጋር የሚሰነባበትበትን ቀን ነገራትና እሷም እንድትገኝ ቃል አስገብቷት ሄደ።

መርፌዋን የተወጋችው በቅርቡ ስለነበር እጇ ደህና ነበር። ጨርቁ ላይ በስንዝሯ ለካች፣ በጠመኔ አሰመረች፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሄዳ ጋደም አለች። ተነሥታ በመስመሯ ላይ ቆረጠች። መቀሱ ሱፉን ሲበላ የሚያሰማውን ድምፅ ትወደዋለች፤ ሰው በረዶ ላይ በዝግታ ሲራመድ ይመስላል። ያቺ ተቀጣሪ ሴት ሰፋችው፣ ገበር አገባችለት፣ ተኮሰችው።

ሊወስደው የመጣ ቀን አውቶቡሱን ከነተሳፋሪው በር ላይ አቁሞ ነው። ከኋላ ክላክስ ይጮህበታል። ለክቶ እንዲያየው ብትለው፣ ካንቺ የወሰድኩት መቼ ጠቦኝ ያውቃል ብሎ ጥቅሉን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ሮጠ። ቁልፉ አልተቆለፈም፤ «ሂድ» አልተባለም።

መሰነባበቻው የተደረገው በአውቶቡሶቹ ጋራዥ ጎን ባለው የሠራተኞች አዳራሽ ነው። ከፊት ወንበር ሰጧት። ጋሽ ፍሬን ገና ሲገባ ዓይኗ ትከሻው ላይ አረፈና ቀረ። ጨርቁ ከጀርባው ተወጥሮ፣ እጆቹን ከጎኑ ራቅ አድርጎ እንደ ተሸከመ ሰው ነው የሚራመደው። ቁልፉና ቀዳዳው ሳይገናኙ ተራርቀዋል። ስሙ ተጠርቶ የግድግዳ ሰዓት ሊሸልሙት እጁን ሲዘረጋ እጅጌው ወደ ላይ ሸሸ፤ አንጓው ታየ፣ ከአንጓው በላይ የሸሚዙ እጅጌ ታየ። ከኋላ አንድ ጎረምሳ መካኒክ «ጋሽ ፍሬን፣ የልጅህን ኮት ነው እንዴ?» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ክፋት የለበትም፣ የወዳጅ ሳቅ ነው። ሰውየውም አብሮ ሳቀና «ዝናብ መትቶት ነው» አለ። ዝናብ ከዘነበ ወር አልፎታል። ፎቶ ሲነሡ እጆቹን ከኋላው አጣምሮ ቆመ።

በማግስቱ ወደ ስፌት ቤቱ መጣ። ትጠብቀው የነበረው ጩኸቱን ነበር፤ ቢጮህባት ኖሮ ትጮህበት ነበር፣ ሁለቱም ይወጣላቸው ነበር። እሱ ግን ኮቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ዕድሜ ልኬን መሪ ስጎትት ኖሬ እጄ ረዝሟል መሰለኝ አላት። ላሥቃት ብሎ ነው። ከዚያ የከፋ ነገር ሰምታ አታውቅም።

እሱ ሲወጣ ወደ ተቀጣሪዋ ሴት ዞረች። ከመስመሩ ወደ ውስጥ እየገባሽ ሰፍተሻል፣ የሰው ጨርቅ አጥፍተሻል አለቻት። ሴትየዋ ኮቱን አንሥታ ገበሩን ጥቂት ተረተረችና ከውስጥ ገልብጣ አሳየቻት። የጠመኔው መስመር አልጠፋም ነበር። ስፌቱ ጠርዙ ላይ ካለው መስመር ለስፌት የሚተወውን አንድ ጣት ጠብቆ፣ ፀጉር ሳይለቅ፣ ከላይ እስከ ታች ወርዷል።

«እኔ የርስዎን ጠመኔ ነው የተከተልኩት» አለች።

እትዬ ስንዝር አየች። እያየችም ማመን አልቻለችም፤ ያቺን ሴት አሰናበተቻት። ሴትየዋ መርፌዎቿን ከመርፌ መውጊያው ትራስ ላይ አንድ በአንድ ነቅላ፣ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች። ኋላ ይቅርታ የሚል መልእክት ተላከላት፤ አልተመለሰችም።

ሚጢ ስትመለስ ኮቱን ያገኘችው ጠረጴዛው ላይ እንደተጣለ ነው። አነሣችውና እጅጌውን በገዛ ክንዷ ላይ አስተኝታ አየችው። ምን ሆነ ብላ አልጠየቀችም። እህቷን የገረማትም ይኸው ነው።

«አንቺ ታውቂያለሽ» አለቻት።

ሚጢ ኮቱን አጥፋ አስቀመጠችው፣ ደግማ ዘረጋችው። ከዚያ ወለሉን እያየች ተናገረች። «አስምረሽ ጋደም ስትዪ መስመርሽን አራግፌ ሌላ አሰምራለሁ። ስንዝሩን ስትቆጥሪ ሰምቼ፣ የሚስማሩን ርቀት በሜትር እየመነዘርኩ። ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። አንቺ ተነሥተሽ የምትቆርጪው በእኔ መስመር ላይ ነው፣ እትዬ።»

ከውጭ የባለሱቁ ሬዲዮ ይሰማል። እትዬ ስንዝር ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሻለሁ። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስልሽ ተወግተሽ ትመጪና፣ ይኸው ዳንኩ፣ እዪኝ ትያለሽ። ምን ልበልሽ? እጅሽ አጥሯል ልበልሽ? ያሳደግሽኝ በዚህ እጅ ነው።» ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ አመለከተች። «ሚስማሩ ያውልሽ። ከኔ አፍ ከምትሰሚው ራስሽ እዪው።»

እትዬ ስንዝር እጇን ሚስማሮቹ ላይ ለማኖር ጊዜ ወሰደባት። መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጠመኔ አነሣች፣ ቁርጥራጩን ጠረገች፣ ሜትሩን ከአንገቷ አወለቀች። ከዚያ አውራ ጣቷን በግራው ሚስማር ላይ አሳረፈች፣ ዘረጋችም። ትንሿ ጣቷ ሁለት ጣት ያህል ሲቀራት ባዶ እንጨት ላይ አረፈች። ገፋችው። መዳፏን በሌላው እጇ ተጭና ገፋችው፤ ግንባሯ ላይ ላብ ወጣ። ጣቷ ወደ ጎን ዘመመ እንጂ ወደፊት አልሄደም። ነሐሱ እዚያው እያብረቀረቀ ነው። በወጣትነቷ ትነካው ነበር፣ ሳታየው፣ እየሳቀች።

ሚጢ መጥታ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችላት። ሁለቱም ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የነጭ ገዋኗ እጅጌ ረዝሞባት አጥፋዋለች፤ እትዬ ስንዝር መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው። የእትዬ እጅ የራጅ ፎቶ በብርሃን ላይ ተለጥፎ ተቀመጠ። አጥንቶቿ አንጓ አንጓቸው ላይ ምስጥ እንደገባበት እንጨት ተሸርፈዋል።

«ብርድ አይደለም፣ ሪህም አይደለም» አለች ሐኪሟ። «የአንጓ ብግነት የምንለው ነው። ብዙ ዓይነት አለው፤ የእርስዎ ግን ሰውነት ራሱን የሚወጋበት ነው። ዘበኛ ቀጥረው ዘበኛው ባለቤቲቱን ሌባ ናት ብሎ ይደበድባታል እንበል። እንደዚያ ነው።»

«ታዲያ ማባረር ነዋ።»

«እሱን ካባረሩ እውነተኛ ሌባ ሲመጣ ማን ይደርስልዎታል? ዱላውን ነው የምንቀማው። እሱንም ቀስ እያልን።»

መርፌዎቹስ አለች እትዬ ስንዝር። እነሱ ጩኸቱን ነው ያስቆሙት፣ ዱላው አልቆመም አለቻት ሐኪሟ። አላመማትም ማለት አልተበላችም ማለት አልነበረም። እትዬ ስንዝር ይህን ስትሰማ ያንጎራጎረችበት ቀን ትዝ አላት።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ ልጄ፤ ይዘረጋል?»

ሐኪሟ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ፎቶው ዞረች። «የሄደው አይመለስም። የቀረውን ነው ለማቆየት የምንሞክረው። ያኔ ገና ሲጀምርዎት ቢመጡ ኖሮ…»

«ጨርሺው።»

«ቢመጡ ኖሮ ይህን ፎቶ እንዲህ ሆኖ አናየውም ነበር።»

መድኃኒቱ በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጥ ነው። ሐኪሟ ይህን ደጋግማ አስጠናቻት፤ ቶሎ ይሻለኛል ብላ በየቀኑ ብትወስደው መድኃኒቱ ከበሽታው ቀድሞ እንደሚገድላት ሳታለሳልስ ነገረቻት። ደሟም እየተመረመረ ይቆያል። ጠዋት ለብ ያለ ውሃውን አይተዉ ተባለች፤ እጇን ቀስ አድርጋ እያንቀሳቀሰች፣ ሲደክማት እያረፈች፣ ወፈር ያለ እጀታ ያለውን ዕቃ እየመረጠች እንድትኖር ተመከረች። ያን ከባድ መቀስ ግን ይተዉት ተባለች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆመችና ገዋኗን ይዛ እንድትመጣ፣ እጅጌውን ሚጢ እንደምታሳጥርላት ለሐኪሟ ነገረቻት። እኔ አሳጥርልሻለሁ ለማለት አፏ ተከፍቶ ነበር።

መድኃኒቱ የሚዋጥበት ማግስት ክፉ ቀን ነው። ምላሷ ሚስማር ሚስማር ይላታል፣ የምግብ ሽታ ያቅለሸልሻታል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ ትተኛለች። ቢሆንም ወራት ሲያልፉ እጇ እስከ ረፋድ ተጨብጦ መቆየቱን ትቶ ቁርስ ላይ ይፈታላት ጀመር። የጣቶቿ ሥር እብጠት ቀነሰ። የበሯን ቁልፍ፣ ሚጢ ጨርቅ ጠቅልላ ካወፈረችላት ወዲህ፣ ራሷ ታዞረዋለች። ጣቶቿ ግን እንደዘመሙ ናቸው። ሲሻላት ይበልጥ ታያቸዋለች፤ ድሮ ሕመሙ ነበር ዓይኗን የሚይዝባት።

መቀሱን ሚጢ ያዘች። ችግሩ ግን ሌላ ነበር። የሰፈሩ ሰው ልኬት በሙሉ በእህቷ ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ያም በስንዝር ነው፤ ያ ስንዝር ደግሞ የለም። የሚጢ እጅ ትንሽ ነው። ሰውን ሁሉ እንደገና ጠርቶ መለካት ደግሞ ለሰፈሩ በአዋጅ መናገር ነው። አንድ ጠዋት ሚጢ ከአናጢ ቤት አንዲት ቀጭን ዘንግ አስቆርጣ አመጣች። በሁለቱ ሚስማሮች መሃል አስተኛቻት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልክ ሆነች።

እትዬ ስንዝር ዘንጓን አንሥታ አገላበጠቻት። «ይህቺ ናት እንግዲህ» አለች። «ጣቱንስ በምን ትለኪዋለሽ?»

«በጣትሽ።»

«የኔማ ወፍሯል። ያንቺን አድርጊ።»

ከዚያ ወዲያ ታላቅ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ትጠራለች፣ ታናሽ በዘንጓ ታሰምራለች። ሚጢ አንድ ቀን በሥራ ተወጥራ ሳታስበው «እጅሽን አቀብዪኝ» አለቻት፤ ዘንጓን ማለቷ ነው። ሁለቱም ደነገጡ። እትዬ ስንዝር ዘንጓን አቀበለቻት። ስሟ በዚያው ጸና፤ ቤቱ ውስጥ ዘንጓ እጅሽ ትባላለች።

የጋሽ ፍሬን ኮት መጨረሻ ላይ ደረሱበት። ኮት ሆኖ የሚተርፍበት መንገድ አልነበረም፤ አስፍተው እንዳይቀጥሉት እንዲህ ያለ ጨርቅ የለም። ሚጢ ተረተረችው፣ እጅጌውን ነቀለች፣ ከእጅጌው ጨርቅ ለደረቱ ወሰደች፣ በዘንጓ ለካችና ሰደርያ ቆረጠችው። እትዬ ስንዝር አጠገቧ ቁጭ ብላ መቀሱ የሟቿን ሱፍ ሁለተኛ ጊዜ ሲበላው ሰማች።

ሰውየው ከሰዓት በኋላ መጣ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ትከሻው ጎበጥ ብሏል፤ ቀኑን ሙሉ በእግሩ እየዞረ አውቶቡስ ሲያልፍ ያያል ይሉታል። ሰደርያውን ለበሰው። ተቀመጠለት። መስተዋቱ ፊት ቆሞ እስኪበቃው አየው፣ እጁን ደረቱ ላይ አኖረ።

«ማነው የቆረጠው?» አለ።

ሚጢ ከመኪናዋ ላይ አንገቷን ደፋች። መልሱን እሷ አዘጋጅታ ነበር፤ እትዬ ናት ልትለው።

«ሚጢ ናት» አለች እትዬ ስንዝር። «ኮቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ዝናብም አልመታው፣ እጅህም አልረዘመ። የኔ እጅ ነው።» እጇን ከጉያዋ አውጥታ አሳየችው። ለሰው ሆን ብላ ስታሳይ ያ የመጀመሪያዋ ነው።

ጋሽ ፍሬን እጇን አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «መድኃኒት ጀምራለች ይላሉ። ስንዝርሽ አልተመለሰም?»

«አልተመለሰም። ያው ሚስማሩ ላይ ነው ያለው።»

ከዚያ ተነሣችና እንደ ልማዷ ፊቱ ቆመች፤ የመጨረሻዋን ቁልፍ ልትቆልፍለት። ሰውየው አገጩን ቀና አድርጎ፣ ጢሙን እንደሚላጭ ሰው ጣሪያውን እያየ ጠበቃት። ቁልፏ ከአውራ ጣቷ ሥር ሾለከች። ደግማ ያዘቻት፣ እቀዳዳው አፍ አደረሰቻት፣ ደግማ ሾለከች። እሱ አልተንቀሳቀሰም፣ አልረዳትም፣ ወደ ታችም አላየም። የሚጢ መኪና ድምፁን አቆመ።

እጇን አወረደች። «ራስህ ቆልፈው» አለችው።

ሰውየው ያቺን የመጨረሻ ቁልፍ በዝግታ ቆለፋት። እሷም በእጇ ጀርባ ትከሻውን ነካ አደረገችው።

«ሂድ» አለች።